ከኤቨረት አጠገብ ያለው ወንበር

ሚስተር ስትራውድ ያን ቅዳሜ ምሳ ላይ ሦስተኛውን ብርጭቆ ባያነሳ ኖሮ ሚርላንድ እስካሁን በደስታ ትንሳፈፍ ነበር። ግን አነሳ። አንስቶም ዝም አላለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚርላንድ ዴሮዚዬ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ የምትሠራው ዌስት ፓልም ቢች ከተማ ውስጥ፣ የሚስተር ስትራውድ የጥብቅና ቢሮ ነው። ጠበቃ ሲባል ደሞ ፍርድ ቤት ቆሞ የሚሟገት አይነት አይደለም። የሀብታሞችን ኑዛዜ የሚጽፍ፣ ንብረታቸውን የሚያደላድል፣ እነሱ ሲሞቱ ልጆቻቸው ፀጉር ለፀጉር እንዳይያያዙ የሚያደርግ ነው። እሷ ግን ጠበቃ አይደለችም። የሷ ሥራ ማርኬቲንግ ነው። ማለት፣ ከሐይቁ ማዶ ደሴቱ ላይ፣ ከቤት ከሚረዝም የአጥር ተክል ጀርባ የሚኖሩትን ሰዎች ወደ ቢሮው ማምጣት።

እነዚህን ሰዎች ደሞ በማስታወቂያ አታመጧቸውም። መንገድ ላይ ቢልቦርድ ብትሰቅሉላቸው እነሱ ናቸው የሚያፍሩላችሁ። ሚስተር ስትራውድ ይሄን የተማረው ተዋርዶ ነው። ህዳር ላይ ሀብታሞቹ የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው ሲመጡ፣ ለሚስስ ፔል ዳር ዳሩ በወርቅ ቀለም ያበደ መጽሔት ከሻምፓኝ ጋር ላከላቸው። ሚስስ ፔል ማለት ክርኑ የተቀደደ ሹራብ የሚለብሱ፣ ያረጀ መኪና የሚነዱ፣ ቅድመ አያታቸው በገዙት ቤት የሚኖሩ ሴትዮ ናቸው። እንዲህ አይነት ሰው የወርቅ ቀለም ሲያይ ይደነግጣል። የሰውን ስጦታ መጣል ደሞ ነውር ሆነባቸውና ልጃቸውን ኤቨረትን "ሂድ፣ በእጅህ መልስላቸው" አሉት።

ሚርላንድ በር ላይ ያገኘችው ያኔ ነው። የሸሚዙ ኮሌታ ያለቀለት፣ ጫማው አሸዋ የጠጣ፣ ካርቶን የታቀፈ ረጅም ልጅ። ዕቃ አድራሽ መሰላትና "በጀርባ በር ነበር የሚገባው፣ ግን ግድ የለም" ብላ ጉርሻ ሰጠችው። እሱም አመስግኖ ኪሱ ከተተ። በማግስቱ ተመልሶ መጣና "በትናንቱ ብርሽ አይስክሬም ልጋብዝሽ ነው" አላት።

ከዛ በኋላማ ምን ልበላችሁ። ራሱ በጠገናት አሮጌ የእንጨት ጀልባ ሐይቁን አዞራት። እሷ ደሞ እናቷ ቤት ወሰደችው። እናቷ ኢቭሮዝ ከሄይቲ የመጣች ልብስ ሰፊ ናት፤ ለደሴቱ ሴቶች የግብዣ ቀሚስ ታስተካክላለች። የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ በሚያቃጥል ጥቅል ጎመን አቀረበችለት። ልጁ እንባው እየወረደ "ትንሽ ይጨመርልኝ" አለ። ሲሄድ ኢቭሮዝ ምን አለች መሰላችሁ? "ይሄ ልጅ በልብሱ ድሃ ነው፣ በጥርሱ ግን ሀብታም ነው። ጥርሱን አይተሽዋል?"

ጥርሱን አይታዋለች። ሁሉን ነገሩን አይታዋለች። ሲያዳምጥ ጭንቅላቱን እንዴት ዘንበል እንደሚያደርግ ሁሉ።

አንድ ነገር ብቻ አልነገረችውም።

ከጀልባውም ከእናቷ ቤትም በፊት፣ ሚስተር ስትራውድ ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ እንደሰማ ትንሽ የምሳ ግብዣ አዘጋጅቶ ነበር። በዚህ ሥራ ግብዣ ላይ ስለ ሥራ አይወራም፣ ካርድ አይሰጥም። ሁሉ ነገር ያለው አቀማመጡ ላይ ነው። በየሁለት እንግዳው መሀል አንድ የቢሮው ሰው ይገባል፤ በጣም የሚፈለገው እንግዳ ደሞ ከሁሉም በላይ ማዳመጥ ከሚችለው ሰው አጠገብ ይቀመጣል። እሱን "ሙቁ ወንበር" ይሉታል። ማን የት እንደሚቀመጥ የምትወስነው ሚርላንድ ናት። ኤቨረትን ከራሷ አጠገብ አደረገችው። ለሥራው ይሁን ለልቧ፣ ያኔ ብትጠይቋት መልሱን አታውቀውም ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ልጃቸው ስለ ቢሮው ያወራላቸው ሚስስ ፔል "እሺ፣ አርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት መጥታችሁ አስረዱኝ" አሉ። ቢሮው በደስታ ተንጫጫ። ከአርብ በፊት የነበረው ቅዳሜ ነው እንግዲህ ያ የተረገመ ምሳ።

ሚስተር ስትራውድ ብርጭቆውን ይዞ መጣና የኤቨረትን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

"አንተ ልጅ፣ አርብ ከእናትህ ጋ ስንቀመጥ የማመሰግነው አንተን አይደለም፤ እሷን ነው።" በብርጭቆው ወደ ሚርላንድ ጠቆመ። "መጀመሪያ የመጣህ ቀን ማን አጠገብ ነበር የተቀመጥከው?"

"ሚርላንድ አጠገብ" አለ ኤቨረት ፈገግ እያለ።

"በአጋጣሚ መሰለህ? ሙቅ ወንበር ነው የምንለው። እሷ ናት የመረጠችልህ። ስንት ዘመን ስሠራ እንደሷ አይነት አላየሁም፤ በሁለት ወር የፔልን ቤት በር አስከፈተችው እኮ።"

ጠረጴዛው ሳቀ። ኤቨረት አልሳቀም። ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀርቶ ዓይኑ ብቻ ወጥቶ ሄደ። ሚርላንድ እንደዛ ሲሆን አይታ አታውቅም።

ተከትላው ወጣች። የቆመው ውጪ፣ ከዘንባባዎቹ ስር ነው።

"እውነት ነው?" አላት።

"ወንበሩ እውነት ነው። ግን ኤቨረት፣ ስማኝ..."

"ጀልባውስ? እናትሽ ቤት የበላነውስ? እሱም በፕሮግራም ነው?"

"አይደለም።"

"እንዴት አድርጌ ልወቅ?" ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። "አባቴ ከሞተ ጀምሮ ቤታችን የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚሸጠው ነገር አለው። ጀልባ የሚሸጥ፣ ኢንሹራንስ የሚሸጥ፣ ሐዘኔታ እንኳን የሚሸጥ አለ። አንቺ ብቻ ነሽ ምንም ልትሸጪልኝ ያልመጣሽው ብዬ ነበር። ለካ ከሁሉም የበለጥሽው ደላላ አንቺ ነሽ።"

ደላላ አላት። ስንት የፍቅር ስም ባወጣላት አፉ። መኪናው ሄዶ አቧራው እስኪበርድ ድረስ ቃሉ ደረቷ ላይ ተቀምጦ አልነሳ አላት።

*

እሁድም ሰኞም ልትጽፍለት ሞከረች። ደሴቱ ላይ ትልቅ ነገር በስልክ መልእክት አይባልም፤ በወፍራም ካርድ፣ በራስ የእጅ ጽሕፈት ነው። ሚርላንድ ደሞ ይሄን ከማንም በላይ ትችልበታለች። ስንቱን ሚሊየነር በእጅ ጽሕፈቷ አቅልጣለች።

"ውድ ኤቨረት፣ በመካከላችን ያለውን ግንኙነት ከፍ አድርጌ እመለከተዋለሁ..."

ቀደደችው። ይሄንኑ ዓረፍተ ነገር ባለፈው ወር ለአንድ የመርከብ ባለቤት ልካለታለች።

"ውድ ኤቨረት፣ እምነትህ ለእኔ ከምንም በላይ ነው..."

እሱንም ቀደደች። ይሄ የቢሮው መጽሔት የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለው ነው እኮ። "ሁሌም ከጎንህ ነኝ" ብላ ጻፈች፤ ይሄ ደሞ ለመበለቶች የሚላከው ነው። ምን ጉድ ነው በሉ። የሚያምሩትን ቃላት በሙሉ ሸጣ ጨርሳቸው ለራሷ የሚሆን አንድ አጣች።

ረቡዕ ዕለት እናቷ መርፌ በከንፈሯ ይዛ የአንድ ሰማያዊ ቀሚስ ጠርዝ ስታስገባ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"እማ፣ መጻፍ አቃተኝ።"

ኢቭሮዝ መርፌዎቹን ከአፏ አወጣች። "አንቺን? ለዛ ሁሉ ባለ ሚሊዮን የምትጽፊውን?"

"ለዛ ነው እኮ ያቃተኝ።"

"ስሚ፣ እኔ ለነዚህ ሴቶች ቀሚስ ሳሰፋ ወፍረሻል አልላቸውም። 'ጨርቁ ትንሽ ተሰብስቧል' ነው የምላቸው። ሥራ ነው፤ እነሱም ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ። አንቺን ግን ወፍረሻል እልሻለሁ።"

"ወፍሬያለሁ እንዴ?"

"ትንሽ። ነገሩ እሱ አይደለም።" መርፌዎቹን መልሳ ልትይዝ ስትል ተወችው። "ነገሩ፣ ለምትወጂው ሰው ጨርቁ ተሰበሰበ አይባልም። እቅጩን ነው። በአፍሽ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሽ።"

"ባያምነኝስ?"

"ላያምንሽ ይችላል።" ኢቭሮዝ እጇን የልጇ ፀጉር ውስጥ ከተተች። "ግን ማታ ስትተኚ ማን እንደሆንሽ ታውቂዋለሽ።"

ሚርላንድ ጭንቅላቷን እናቷ ጉልበት ላይ ጣለች። ሰማያዊው ሐር ጉንጯን ሲነካው ቀዘቀዛት። ከቅዳሜ ጀምሮ ያላለቀሰችው እዛ ላይ መጣ።

*

አርብ ጠዋት ገና ሰው ሳይገባ ሚስተር ስትራውድ ቢሮ ገባች። ክራባቱን በመስታወት እያስተካከለ ነበር።

"ሚስተር ስትራውድ፣ ከፔል ቤት ጉዳይ እንዲያስወጡኝ ነው የመጣሁት።"

"ዛሬ? ቀጠሮው አራት ሰዓት እኮ ነው።"

"ልጁን እወደዋለሁ።"

ይቆጣል ብላችሁ ነው? ሰውየው ፊቱ እንደ ፀሐይ በራ። "እሰይ። ይሄማ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ከፊርማው በፊት ግን እንዳትጣሉ።"

"ተጣልተናል።"

"እንዴ፣ እና ታረቂዋ። ጊዜ አለሽ።" ቀረብ ብሎ አያት። ዓይኗ አባብጧል። "ስታለቅሺ ነው ያደርሽው? አትታጠቢው። እንደዚሁ ነይ። ሴትየዋ እናት ናት፣ አንጀቷ ይላወሳል፤ ልጁም ይለሳለሳል። ይሄ ነገር በጣም ነው የሚጠቅመን።"

ሚርላንድ አየችው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ነገሩ እሱ ነው የከፋው። ከልቡ ሊያግዛት ነው የፈለገው። እንባዋን አይቶ የት ወንበር ላይ ቢቀመጥ እንደሚያዋጣ ነው ያሰበላት። ኤቨረት ከዘንባባው ስር ቆሞ ያየው ነገር ምን እንደነበር ያኔ ገባት። ራሷን አየች፣ በዚህ ክራባት አሳሪ ሰውዬ ውስጥ።

የቢሮውን በር የምትከፍትበትን ካርድ ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ምንድነው ይሄ?"

"ሥራዬን ለቅቄያለሁ።"

"ሚርላንድ፣ አትቀልጂ።" አሁን መስታወቱን ትቶ ዞረ። "ከዚህ በር ወጥተሽ ደሴቱ ላይ ማን ይቀጥርሻል? እኔ አንድ ቃል ብናገር አለቀልሽ።"

"ሚስተር ስትራውድ፣ እዛ ደሴት ላይ እስካሁን የተናገሯትን ቃል ሁሉ የጻፍኩልዎት እኔ ነኝ።"

ደረጃውን ወረደች። ፈርታለች፤ አዎ፣ በጣም ፈርታለች። ግን ከፍርሃቱ ስር የሆነ ነገር፣ ስትፈልገው የከረመችው ነገር፣ ቀና ብሎ ቆሟል።

*

ሚስስ ፔል ቁርስ የሚበሉት ሐይቁን በሚያየው በረንዳ ላይ ነው። ግማሽ ብርቱካን፣ ያረረ ዳቦ፣ ከእግራቸው ስር የሚያንኮራፋ ሽማግሌ ውሻ። ኤቨረት ጀርባውን ሰጥቶ ከአጥሩ ብረት ጋ ቆሟል። ሚርላንድ ስትገባ ዞረ፣ አያት፣ ከዛ ቶሎ ብሎ ወደ ውሃው ተመለሰ። ያቺ አንድ አፍታ ብቻ በቂ ነበረች፤ እሱም አልተኛም።

"ቀጠሮው አራት ሰዓት መስሎኝ" አሉ ሚስስ ፔል። "ደሞ ብቻሽን ነሽ።"

"ሚስተር ስትራውድ በሰዓቱ ይመጣሉ። እኔ ከሳቸው ጋር አይደለሁም። ዛሬ ጠዋት ሥራ ለቅቄያለሁ።"

"እና ልትሸጪልኝ አይደለም የመጣሽው።"

"አይደለም። ለኤቨረት የምነግረው ነገር አለኝ። እርስዎም ቢሰሙት ይሻላል፤ ከእርስዎም የተደበቀ ነገር ስለሆነ።"

ሚስስ ፔል ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ኤቨረት አልዞረም፤ ትከሻው ግን እያዳመጠ ነው።

"ወንበሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ" አለች ሚርላንድ። "ሥራዬ ነበር። እናትህን ደንበኛ ለማድረግ ነው አጠገቤ ያስቀመጥኩህ። ከዛ ሾርባው ሳያልቅ ስለ ጀልባህ ማውራት ጀመርክ፤ ቤት ስገባ ሚስተር ስትራውድ ጠይቂው ያሉኝን አንዱንም እንዳልጠየቅኩህ ትዝ አለኝ። ያኔ ልነግርህ ይገባ ነበር። አልነገርኩህም፤ ትሄዳለህ ብዬ ፈራሁ። ይሄው ነው። ከወንበሩ በስተቀር ምንም የመረጥኩልህ ነገር የለም። እወድሃለሁ።"

ውሻው ማንኮራፋቱን አቆመ። የምሬን ነው፣ አቆመ።

ኤቨረት ዞረ። ፊቱ ነጭ ሆኗል። "እንዴት ላምን እችላለሁ? ጎበዝ ሻጭ እኮ አልሸጥም የሚለው ነው። ይሄም የሥራሽ መጨረሻ ቢሆንስ?"

ይሄ ጥያቄ እንደ ጥፊ ነው። ደሞ እውነት አለው፤ በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚያዋጣው ያልተሸጠ መምሰል ነው፣ ሚርላንድ ራሷ ስንቱን አስተምራዋለች።

"ልታምን አትችልም" አለችው ቀስ ብላ። "ማረጋገጫ የለኝም። ቢኖረኝም ዛሬ አላሳምንህም። ማሳመን ሰልችቶኛል።"

ሚስስ ፔል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሥራ ለቀሻል፤ ከእኔ የምታገኚው የለም። እዚህ ደሴት ሰው ጠበቃ ሲፈልግ ጋዜጣ አያይም፤ ጓደኛውን 'አንቺ ማንን ነው የያዝሽው' ብሎ ነው የሚጠይቀው። እኔም አንቺን ልጠይቅ። በእኔ ቦታ ብትሆኚ ማንን ትይዢ ነበር?"

ሚርላንድ ሚስተር ስትራውድን አሰበችው፤ ከመስታወቱ ፊት። አሁን ልትበቀለው ትችላለች። አንድ ቃል ነው።

"ሚስተር ስትራውድ ጥሩ ጠበቃ ናቸው" አለች። "ድርጅቱን ትናንት ሸጦ ብር ለያዘ ሰው ከሳቸው የሚሻል የለም። እርስዎ ግን ያለዎት ቤትና መሬት ነው፣ የማይነጋገሩ ሁለት ሴት ልጆችም አሉዎት።"

"ይሄን ማን ነገረሽ?"

"ደሴቱ በሙሉ ያውቀዋል፣ ሚስስ ፔል።"

ሚስስ ፔል ከንፈራቸውን ነከሱ። ሳቅ ይሁን ንዴት አይታወቅም።

"ለእርስዎ የሚሆነው ልጆቹን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እስኪስማሙ የማይነሳ ሰው ነው። ሌክ ዎርዝ ከተማ ውስጥ ሂልዳ ብራንት የሚባሉ ሴት ጠበቃ አሉ። አሮጊት ናቸው፣ ግብዣ አያዘጋጁም፣ ስልክ ሲያነሱ ይቆጣሉ። እሳቸውን ነው የምይዘው።"

"አንቺ እንዴት አወቅሻቸው?"

"ሥራዬ እኮ ማንን እንደምንፈራ ማወቅ ነበር። እሳቸውን ነበር የምንፈራው።"

ሚስስ ፔል አሁን ሳቁ፤ አጭር፣ እንደ ሳል ያለ ሳቅ። "እዚህ ቤት ሰው ደንበኛ ሊያጣ ሲመጣ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።"

ሚርላንድ ግን አብራቸው አልሳቀችም። ኤቨረትን አየችው። እጁ የአጥሩን ብረት ጨምድዶ ይዞታል። ድሮ ቢሆን ትጠብቅ ነበር። ሰው ሲያመነታ ዝም ብለሽ ጠብቂ፣ ዝምታው ራሱ ይሸጥልሻል፤ የሥራው የመጀመሪያ ትምህርት ነው።

አልጠበቀችም።

"ደህና ሁን" አለችና ወጣች። ጠጠሩ ከጫማዋ ስር ሲንኮሻኮሽ ልቧ የሚደቅቅ መሰላት፤ ግን ጀርባዋን አላጎበጠችም። ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አላፈረችም።

*

በመኪናዋ ወደ ከተማው የሚያሻግረው ድልድይ ጋ ስትደርስ ቀይ መብራቱ በራ። ደወሉ ጮኸ፣ መከልከያው ወረደ፣ ድልድዩም መሀል ለመሀል ተሰንጥቆ ወደ ሰማይ ተነሳ። አንድ ረጅም ነጭ መርከብ እንደ ሙሽራ ቀስ እያለ መጣ። ሚርላንድ ሞተሩን አጥፍታ ግንባሯን መሪው ላይ ደገፈች። ሥራ የለም። ኤቨረት የለም። እናቷ "ምን ሆነ" ስትላት ምን እንደምትላት እያሰበች ነበር።

መስኮቱ ተንኳኳ።

ኤቨረት ነው። ባዶ እግሩን። ብስክሌቱን መንገዱ መሀል ጥሎታል፣ ያ ያለቀ ኮሌታ በላብ ረጥቧል፣ ትንፋሹ አልመለስ ብሎታል። በሩን ከፍታ ወጣች።

"አንቺ" አላት፤ ትንፋሹ ቆረጠው። "አንቺ... ቆይ። ቆይ እስቲ።"

"ቀስ በል፣ ትሞታለህ።"

"ሻጭ ብትሆኚ መልሱን ትጠብቂ ነበር።" በሁለት እጁ ጉልበቱን ይዞ ቀና ብሎ አያት። "በረንዳው ላይ ቆሜ ስጠብቅሽ ነበር። አሁን ትመለሳለች፣ አሁን አንድ የሚያምር ነገር ትላለች እያልኩ። የበሩ ድምፅ ተሰማኝ። ሄደሻል። ሰው የሚሸጠውን ነገር መሬት ላይ ጥሎ ይሄዳል እንዴ? በሕይወቴ እንዳንቺ የማትረባ ሻጭ አይቼ አላውቅም።"

"ተባርሬያለሁ እኮ" አለች። ሳቋና እንባዋ ተደባለቀባት። "ማለቴ፣ ለቅቄያለሁ።"

"ደላላ አልኩሽ።"

"አዎ፣ ብለኸኛል።"

"ይቅር በይኝ። ቅዳሜ እንደዛ ስልሽም እኮ ልቤ ያውቅ ነበር። እናትሽ ቤት የበርበሬውን ጎመን ስበላ የሳቅሽውን ሳቅ ማንም ሊያሠለጥነው አይችልም። ግን ከዚህ በፊት ስለተታለልኩ፣ የማውቀውን ከማመን መጠራጠሩ ቀለለኝ።"

ሚርላንድ እጇን ዘርግታ ግንባሩ ላይ የተለጠፈውን ፀጉር አነሳችለት። ከዚህ በላይ ምን ትበለው? ቃል አጥታ አይደለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አላስፈለጋትም።

"ደሞ" አለ እየሳቀ፣ "ሰኞ ሥራ አለሽ።"

"የምን ሥራ?"

"እናቴ ስልክ ላይ ናት። ጠበቃም ይሁን ሐኪም፣ ጣሪያ ጠጋኝም ይሁን፣ ማንን ልያዝ ሳይሆን ከማን ልራቅ የሚለውን የምትነግረኝ ሰው አገኘሁ እያለች ነው። ስወጣ ለሦስተኛዋ ጓደኛዋ እየደወለች ነበር። አንቺ ታውቂያለሽ፣ እዚህ ደሴት ሦስት ሴት ሰማ ማለት ጋዜጣ ላይ ወጣ ማለት ነው።"

ሚርላንድ አፏን በእጇ ያዘች። የራሷ ሥራ። በራሷ ስም። ሰው ለማማለል ሳይሆን እቅጩን ለመናገር የሚከፈላት ሥራ። እንዲህ አይነት ነገር አለ ብሎ ማን ያስባል?

ነጩ መርከብ አለፈ። ድልድዩ ቀስ ብሎ መውረድ ጀመረ። ወዲያ ማዶ፣ ከሰልፉ ፊት፣ የሚስተር ስትራውድ ጥቁር አብረቅራቂ መኪና ቆማለች፤ አራት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሰውየው ከመሪው ጀርባ፣ ክራባቱ እንደታሰረ፣ አፉን ከፍቶ ያያቸዋል። ሚርላንድ አየችው። እጇን ልታውለበልብለት አሰበችና ተወችው፤ እጆቿ ሌላ ሥራ ነበራቸው። ኤቨረት ወገቧን ይዞ ወደ ራሱ አስጠጋት፣ እሷም በእግሯ ጣቶች ቆማ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ እዛው፣ የቀን ብርሃን ላይ፣ ደሴቱ በሙሉ እያየ ሳማት።

ድልድዩ ገጠመ። መከልከያው ተነሳ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ሁለቱ ግን አልተንቀሳቀሱም። ደሴቱ ላይ ደሞ ሰው ክላክስ አያደርግም፣ ነውር ነው። ያን ቀን ግን ከኋላ አንዱ ነካ አደረገ። ቀጥሎ ሌላው። ከዛ ሁሉም ተቀባበሉት፤ የሚቆጣም የሚስቅም አብሮ ነፋ። ሚርላንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ጆሮዋን ኤቨረት ደረት ላይ እንዳደረገች፣ ልክ እንደ ሰርግ አጀብ ሆኖ ተሰማት፤ ይሄ ሁሉ ሰው ለሷ ብሎ የወጣ፣ ይሄ ሁሉ ጩኸት ለሷ የተነፋ። ደረቷ ሊይዘው እስኪያቅተው ድረስ ሞላ።